ስድስተኛው ቤት

በወገራ ደጋ አያ አላምረው ሳይቆጥርለት የተጋባ ሰው ካለ፣ ወይ ጠልፎ ነው ወይ ዋሽቶ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም። ልጁን ለመዳር ያሰበ ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አምባ ጊዮርጊስ ይወጣና ከአላምረው ደጅ ይቀመጣል። እሱም ከአውድማው ይመጣል፣ የገብሱን ገለባ ከእጁ ያራግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ አውራ ጣቱን በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እያስኬደ ይጀምራል። የወንዱን ወገን በቀኝ እጁ፣ የሴቷን በግራ። ሁለቱ እጆች አንድ ስም ላይ ሲገናኙ ዓይኑን ይገልጣል። ያን ጊዜ የተቀመጠው ሰው ልቡ ትንጠለጠላለች።

ዘር መቁጠር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የራሱን ሰባት ቤት የማይቆጥር የሰው ልጅ ማን አለ? እሱ ግን የሚቆጥረው የአገሩን ነው። ደግሞ በአባት ብቻ መስሏችሁ! በእናት፣ በእናት እናት፣ ሁለት ባል ያገባችውን፣ በክፉ ቀን ተሰድዳ ቆላ የቀረችውን ሳይቀር ያውቃታል። ሕጉ የታወቀ ነው። ሰባት ቤት ከሞላ ይጋባሉ፤ ካልሞላ እህትና ወንድም ናቸው። ስድስት ላይ ተገናኝተው የለመኑት ብዙ ነበሩ። አንዱማ ሙክት ጎትቶ መጥቶ ያንኑ ሙክት ጎትቶ ተመልሷል። ሰው በዚህ ያከብረው ነበር። የሚጠላውም አልጠፋም፤ ምን ይደበቃል።

ታዲያ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ነገሩ ከገዛ ቤቱ መጣበት።

ወለላ አንድ ልጁ ናት። ሚስቱ ሽታዬ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የወለደቻቸው አላደጉላትም። ይቺ ልጅ እጇ ለፈትል የተፈጠረ ነበር፤ እሷ የፈተለችውን ሸማኔ ሁሉ ይሻማበታል። ጥጡን የምትገዛው ከዛሪማ ቆላ በበቅሎ ጭኖ ከሚመጣ ክንዱ ከሚባል ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። በኋላ ገበያ በዋለ ቁጥር ጥጥ አለቀብኝ ማለት ጀመረች። ጥጥ እንዲህ ያልቃል እንዴ? ሽታዬ ነገሩ ገብቷት ዝም አለች። ቆይቶ ልጅቱ ራሷ ተነፈሰች፤ ለክንዱ ካልሆነ ለሌላ እንዳይድሯት ለእናቷ ነገረቻት።

የክንዱ አባት ማሩ ሽማግሌ አስከትሎ ሊማሊሞን ወጥቶ መጣ። አላምረው ደስ ብሎት ተቀበላቸው። ክንዱን በገበያ ያውቀዋል፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ሚዛን አይሰርቅም። የሠርጉ ጠላ ድፍድፍ እንኳ ተጥሎ ነበር። የቀረው መቁጠር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የተሳሳተው። ለሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚቆጥር ሰው፣ ቆላና ደጋን ምን ያገናኘዋል ብሎ ለራሱ ልጅ ሳይቆጥር ቆየ። ልጅቱም በልቧ ተዳረች።

በሽማግሌዎቹ ፊት ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ሄደ፣ ግራ እጁ ሄደ። ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም እጆች አምሳል ከምትባል ሴት ላይ ቆሙ። አምሳል ባሏ ሲሞት ቆላ ወርዳ ሌላ ባል ያገባች ሴት ናት። ደጋ ትታው የሄደችው ልጅ የአላምረው ዘር ሆነ፤ ቆላ የወለደችው የማሩ ዘር።

ማሩ በቀላሉ አልተረታም። በዛሪማ ቁጥሩ የሚጀምረው ከተጋቢዎቹ ከራሳቸው ነው፤ ክንዱ አንድ፣ ማሩ ሁለት እየተባለ ሲወጣ አምሳል ሰባተኛ ላይ ትውላለች፤ እንግዲያው ሞልቷል ብሎ ተከራከረ። በአላምረው አገር ደግሞ የሚጀመረው ከአባት ነው፤ ተጋቢ አይቆጠርም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የደብሩ ቄስ እዚያው ነበሩ፤ እሳቸውም አንተ ቆጥረህ የምትለውን እንቀበላለን አሉና ነገሩን መልሰው ከእሱ ትከሻ ላይ ጫኑት። በማሩ አቆጣጠር ይሁን ቢል የሚከራከረው አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያንን ቃል ነበር የሚጠብቁ። ለእሱ ግን እስከዚያ ቀን በስድስት የለያያቸው ሁሉ ታዩት። ያ ባለ ሙክቱ ሳይቀር ታየው። ለልጁ ሲሆን ዞረ መባልን ፈራ።

“በእኔ ቁጥር ስድስት ነው” አለ። “እህትና ወንድም ናቸው።”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወለላ ጓዳ ሆና ሰማች። አላለቀሰችም፣ አልወጣችም። ድፍድፉን ለሰንበቴ ሰጡት። ክረምቱ ሳይገባ ልጅቱ ልብሷን በአንድ ቦርሳ አድርጋ፣ ጎንደር ካለችው አክስቷ ዘንድ ሄደች። እዚያ የቀሚስ ጥልፍ እየጠለፈች ማደር ያዘች። አባቷን የተሳደበችውም የረገመችውም ነገር የለም። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን ስማ ነው የሄደች።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሰውየው አዘነ፣ ተቆጨ፣ እህል አልቀመሰም እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላምረው ምንም አልሆነም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ምንም አልሆነም። ሐዘን ይመጣል ብሎ ጠበቀ፣ አልመጣም። ከበሬዎቹ አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ ብለው ሲነግሩት የትኛው ነው ብሎ ጠየቀና ቆዳውን ሊያወጣ ሄደ። ሽታዬ አመሻሽ ላይ ስታለቅስ ከአጠገቧ ተቀምጦ ይሰማታል፤ ተይ አይላት፣ አብሯት አያለቅስ። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ያርሳል፣ ያጭዳል። የሚቆጠርለት ሲመጣም ይቆጥራል። ጣቱ ይሄዳል፣ ልቡ የለችም። ሽታዬ አንድ ቀን ለጎረቤት፣ ባሌ ሞቶ ሳልቀብረው ቀረሁ አለች ይባላል።

ክንዱ ደግሞ ሚስት አላገባም። ጥጡን እየጫነ መምጣቱንም አልተወም። በየዓመቱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከአላምረው ደጅ ይቆምና አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፤ አሁንም ስድስት ነው? ይለዋል። አላምረው ስድስት ነው ይለዋል። ክንዱ እሺ ብሎ በቅሎዎቹን ይነዳል። ሽማግሌ የለ፣ ክርክር የለ። የቀዬው ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፤ በኋላ ያን ቀን ወደዚያ ማየቱን ተወ።

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ አንድ ፈረንጅ መጣ። ላንድሮቨር ይዟል፤ አብሮት አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ የደብረ ታቦር ተወላጅ፣ ሐብተ ማርያም የሚባል ወጣት አለ። የሚፈልጉት ነገር ሰውን ግራ አጋባ። ገንዘብ አይደለ፣ መሬት አይደለ፣ የከበረ ድንጋይ አይደለ። ደም ነው የሚፈልጉ። የስሜንን ቀይ ቀበሮ፣ ባላገሩ ዋልጌ የሚለውን፣ ጀርባው የጠቆረውን ሌላውን ቀበሮና የቤት ውሻን ደም። ሞቶ የተገኘ እንስሳ ካለም ጉበቱን። ለምን ሲባሉ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድ ለማወቅ ነው አሉ።

ወይ ጉድ! ባላገር የበግ ጠባቂ ውሻውን ለፈረንጅ መርፌ ይሰጣል? ዱላ ይዘው ነው የጠበቋቸው። በመጨረሻ የወረዳው ሹም አንድ ሸጋ ምክር ሰጣቸው፤ የዚህ አገር ባለ ውሻ ሁሉ የአላምረው ዘመድ ነው፣ እሱን ይዛችሁ ሂዱ አላቸው። ሄደው ለመኑት። እሱም እሺ አለ። ደስ ብሎት አይደለም። እንቢ ለማለትም ልብ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃና። አላምረው ከደጅ ቆሞ የባለቤቱን አያት ስም ይጠራል፤ ሰውየው ዱላውን ያስቀምጣል። አላምረው የውሻውን አፍ በመቀነት አስሮ አንገቱን ያቅፋል፣ ሐብተ ማርያም ከእግሩ ደም ይቀዳል፣ ፈረንጁ ብልቃጡን በበረዶ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ቀይ ቀበሮውን ደግሞ ፍልፈል ከሚበዛበት ደጋ ላይ በመረብ ይይዙና ደሙን ወስደው ይለቁታል። እንዲህ ሲሉ እስከ ስሜን ድረስ ወጡ።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ምሳ ሲበሉ፣ አላምረው ይህን ደም ምን አድርጋችሁ ነው ዝምድና የምታወጡበት ብሎ ጠየቀ። ሐብተ ማርያም ማስረዳት ይወዳል። በፍጥረት ሁሉ ሥጋና ደም ውስጥ በዓይን የማይታይ፣ ሁለት ሆኖ የተገመደ ክር አለ፤ ዲኤንኤ ይሉታል አለው። ልጅ ከአባትና ከእናቱ መልኩን የሚወርሰው በዚህ ክር ነው። ክሩ ሲሞቅ ለሁለት ይላቀቃል፤ ሲበርድ ጓደኛውን ፈልጎ ተመልሶ ይገመዳል። ታዲያ የውሻን አንዱን ክር ከቀይ ቀበሮ አንዱ ክር ጋር ብታቀላቅላቸው እነሱም ይያያዛሉ፣ ግን እንደ ዝምድናቸው ነው። የቅርብ ዘመድ ከሆኑ ጥብቅ ይላሉ፤ ብዙ ሙቀት ካልነካቸው አይላቀቁም። የሩቅ ከሆኑ ትንሽ ሲሞቃቸው ይለያያሉ። ፈረንጁ ደሙን ወደ አገሩ ወስዶ ክሮቹን ያቀላቅላል፣ ያሞቃል፣ የተላቀቁበትን ሙቀት ለክቶ ማን ከማን ቀድሞ እንደተለየ ይቆጥራል።

አላምረው ቁራሹን ከጉልበቱ ላይ አኖረ። ከስንት ዓመት ወዲህ ከልቡ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

“ሁለት ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት ላይ ይገናኛሉ። ስድስተኛ ትሁን ሰባተኛ፣ ይህ ክር ይለየዋል?”

ሐብተ ማርያም ሊስቅ ነበር። ፊቱን አየና ተወው።

“አይለየውም አያ አላምረው። ለእሱ ስድስትና ሰባት አንድ ነው። የአንቱንና የዚያን ሰውዬ ክር ብናቀላቅለው እንኳ የሁለት ወንድማማች ያህል ነው የሚያያዝ።”

አላምረው ዞሮ ፈረንጁን አየው። ፈረንጁ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል።

“የዚህን?”

“የዚህን።”

“ታዲያ ዘመድ የት ላይ ነው የሚያበቃ?”

“አያበቃም። እያደር ይርቃል እንጂ አይቆረጥም። ከዚህ ወዲህ ዘመድ፣ ከዚህ ወዲያ ባዳ ብለን መስመር የምናሰምር እኛ ነን።”

አላምረው ቁራሹን በላ፣ መቀነቱን ጠቀለለ፣ ወደሚቀጥለው ቀዬ መርቶ ወሰዳቸው። ግን ያን ዕለት የባለ ውሻውን አያት ስም ሲጠራ ተሳሳተ። ሰውየው ነው ያረመው።

ፈረንጁ ወደ አገሩ ገባ። ወሬው በዓመቱ መጣ። ሐብተ ማርያም ለሌላ ሥራ ሲያልፍ አምባ ጊዮርጊስ ሻይ ቤት ላይ ቁጭ ብሎ ለተሰበሰበው ሰው ነገረ፤ ቀይ ቀበሮው ስሙ ቀበሮ ሆነ እንጂ ክሩ የሚጠብቀው ጀርባው ከጠቆረው ቀበሮ ይልቅ ከውሻ ጋር ነው፣ ወገኑ የውሻ ነው አለ። ሰው ሳቀ። አንዱ፣ ታዲያ የውሻዬ ዘመድ ከሆነ ምነው ግልገሌን ይበላል አለ። ሌላው፣ ዘመድ አይደል እንዴ የሚበላህ አለው። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አላምረው ከጥግ ተቀምጦ አልሳቀም። ስንት ትውልድ ቀበሮ ሲባል የኖረ አውሬ፣ ባዳ ነህ የተባለበት የውሻ ቤት የራሱ ቤት ሆኖ ተገኘ። ይህን ነበር የሚያስብ።

ፋሲካ አለፈ። ክንዱ መጣ። በጺሙ ላይ አንድ ሁለት ሽበት ወጥቶበታል። በቅሎዎቹን ከአጥር አስሮ እንደ ወትሮው ጠየቀ።

“አያ አላምረው፣ አሁንም ስድስት ነው?”

“ስድስት ነው።”

ክንዱ እሺ ብሎ ዞረ። በቅሎውን ሲፈታ አላምረው ተነሥቶ ተከተለው።

“ስድስት ነው። ግን አግባት” አለው። “ከሽማግሌም ፊት፣ ከቄስም ፊት እናገራለሁ። እኔው ራሴ ጎንደር ሄጄ እነግራታለሁ።”

ክንዱ በቅሎውን መልሶ ከአጥሩ አሰረ። ሰባት ነው ብሎ መዋሸት ለአላምረው ይቀልለው ነበር፤ ማንስ ያጣራበታል? ግን አምሳል ያለችበት ቦታ ያው ነው፤ እሷን ከቦታዋ አያነሣትም። የሚያነሣው የራሱን መስመር ነው። ሽታዬ ከበሩ ሆና ይህን ሰምታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱ ንጹሕ ጋቢ አለበሰችው፤ ለልጅቱ የገብስ በሶ ቋጠረችለት። እሱም በማለዳ ማኪና ተሳፈረ። ጎንደር መግቢያ ላይ ያለውን ወለቃን ሲያልፉ፣ የሸክላ ሻጮቹን ሴቶች በመስኮት እያየ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናነበ። ብርድ መሰለው።

ወለላ የምትኖረው ከፒያሳ ጀርባ፣ ከአክስቷ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከስታለች። ውሃ አምጥታ እግሩን አጠበችው፣ ምሳ አቀረበችለት፣ ከዚያ የያዘችውን ቀሚስ ከጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥልፏን ቀጠለች። እናቷን ጠየቀችው፣ በሬዎቹን ጠየቀችው። ስለ ክንዱ አልጠየቀችም። አላምረው ነገር ማሳመር አይችልም።

“ወለላ፣ ቁጥሩ ያው ስድስት ነው። አልዋሽሽም። ግን ክንዱን አግቢው። እስካሁን አላገባም። እኔ ፈቅጃለሁ።”

መርፌዋ አልቆመም። ቀዩን ክር እስከ ጫፉ ጠለፈችና ቋጠረችው፣ በጥርሷ በጠሰችው።

“አባባ፣ መጀመሪያ እንደመጣሁ የማደርገው ጠፋኝ” አለች። “ጥጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ ትወድቅ ነበር። ኋላ አንቱ ያሉትን ቃል ያዝሁ። ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው እያልሁ ለራሴ ነገርሁት። ሥራ ላይም፣ ጸሎት ላይም። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ግን አመንሁት። ባለፈው ጥምቀት እዚህ መጥቶ ከሩቅ አየሁት። ወንድሜን እንዳየሁ ነው ደስ ያለኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። እንዴት ብዬ ነው አሁን የማገባው?”

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። ብትጮህበት፣ ብታለቅስበት ይሻለው ነበር። የሰማውን ሁሉ ነገራት፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ቀበሮው፣ ዘመድ የትም እንደማያበቃ፣ መስመሩን ያሰመረው ሰው ራሱ እንደሆነ። በትዕግሥት ሰማችው።

“መስመሩን ያሰመሩት አንቱ ነዎት” አለችው። “እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቴን ሠራሁበት። አሁን አፍርሺው አይበሉኝ።”

 ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እሱ የማያውቀው ልብ አይደለም፤ የራሱን ልብ ነው በልጁ ደረት ውስጥ ያየው። የጋቢው ጫፍ ተተርትሮ አየችና ያውልቁ አለችው፤ ሰፍታ መለሰችለት። እስከ ማኪናው ሸኘችው፣ እጁን ሳመችው። ለክንዱ ምን ልበለው ሲላት፣ እህትህ ሰላም ብላሃለች ይበሉልኝ አለች።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክንዱ ከማኪና መቆሚያው ላይ ከበቅሎዎቹ ጋር ቆሟል። ጥጡን አልሸጠም፤ ጭነቱ እንዳለ ነው። ንጹሕ ነጠላ ለብሷል። አላምረው ወርዶ ከፊቱ ቆመ።

“ምን አለች?”

“ወንድሜ ነው አለች።”

ክንዱ የበቅሎዋን መጫኛ ፈትቶ መልሶ አጠበቀው፤ የጠበቀ ነበር። ከዚያ ከአንዷ በቅሎ ላይ ጥጡን አወረደና ከሌላኛዋ ላይ ደረበው። ነጠላውን አውልቆ ባዶው ኮርቻ ላይ አነጠፈ። የአላምረውን ከዘራ ከእጁ ተቀበለው።

“ይውጡ፣ ላድርስዎት” አለው። “እንግዲህ አጎቴ ነዎት። ዘመድ አጎቱን በእግሩ አይሰድም።”

ደግፎ አወጣው። አላምረው ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ አውራ ጣቱ በገዛ ፈቃዱ በአንጓዎቹ ላይ መሄድ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለና ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ስሞች ጠፉበት። ያን ጊዜ፣ ስንት ዓመት የጠበቀው እንባ መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ክንዱ ዞሮ አላየውም። ልጓሙን ይዞ ሽታዬ ወደምትጠብቅበት ቤት በሚወስደው ዳገት ፊት ፊት ሄደ።